ቤት በበጋ ይሸጣል፣ በክረምት ይናገራል

ረመዳን በእነዚህ ዓመታት በበጋ እየገባልን ነው። ለጿሚ ፀሐዩ ይከብዳል፤ ለቤት ግን ከዚህ የተመቸ ወር የለም። በእኛ በእንፍራንዝ ጨረቃዋ ከመታየቷ በፊት ባሉት ሳምንታት ሴቶቻችን ወለል ይለቀልቃሉ፣ ግድግዳ ይቀባሉ፣ ምንጣፍ ያራግፋሉ፤ ወንዶቹም መሰላል ተውሰው የተነቀለ ሚስማር ይመታሉ። ወቅቱ የቤት ገበያ የሚደራበትም ነው። እህሉ ተወቅቶ ገንዘብ እጅ ላይ ገብቷል፤ መንገዱ ደረቅ ነው፤ ዓረብ አገር ያሉት ልጆቻችን ለዒድ ብለው የሚልኩት ይደርሳል፤ ደላላውም ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ከአስፋልቱ እስከ ገበያው ይመላለሳል።

ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በጥርና በየካቲት ተጨባብጠው፣ ዱዓ ተደርጎላቸው፣ ቡና ጠጥተው የተለያዩ ገዢና ሻጭ በሐምሌ ተኮራርፈው ከሽማግሌ ፊት ይቀመጣሉ። አንዱ «ቤቱ ያፈሳል፣ ደብቀኸኛል» ይላል፤ ሌላው «አይተህ ገዛህ፣ ዓይን አልነበረህም ወይ?» ይላል። ሽማግሌዎቹ ከሁለቱም እምነት ናቸው፤ ቄሱም አሉ፣ እኛም አለን። የሚቀርበው ክስ ግን ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የፈለግነው ይህንኑ ነው፤ ቤት ከመግዛት በፊት ስለ ማስመርመር፣ ከገዙም በኋላ በየዓመቱ ስለ ማደስ።

አንዱን እንንገራችሁ፤ ስምና ሰፈር ሳንጠራ። አንዲት የከተማችን ልጅ ሰባት ዓመት በባዕድ አገር ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ለወንድሟ ላከችና «ለእማ ቤት ግዛላት» አለችው። ወንድሟም ቤት አግኝቶ በስልኩ ቀርጾ ላከላት። በቪዲዮው የሚታየው ቤት ያምራል። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ ክሬም ቀለም ተቀብቷል፣ ወለሉ ሊሾ ነው፣ ኮርኒሱ አዲስ ነው። ዋጋው ላይ ትንሽ ተከራክረው ተዋዋሉ፤ እናትየው ገቡበት። እስከ ግንቦት ድረስ ቤቱ ምንም አላለም። ሰኔ አጋማሽ ላይ ከኮርኒሱ ጥግ ቢጫ ክብ ታየ። በሐምሌ የመኝታ ቤቱ ልስን ከላይ እስከ ታች ተገንጥሎ ወደቀ። ከሥሩ የታየው ብሎኬት ሳይሆን ጭቃ ነበር፤ ጭቃው ርሷል፣ ማገሩን ምስጥ በልቶታል። ልጅቱ በስልክ ስታለቅስ እናትየው ድምፁን ከፍ አድርገው እኛም ሰማን።

ሻጩ ተጠርቶ ሲመጣ «ጭቃ ነው ወይስ ብሎኬት ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም» አለ። እውነቱን ነው፣ ማንም አልጠየቀውም። ልስኑን ያስለሰነው ግን ቤቱን ለገበያ ከማውጣቱ ከሁለት ወር በፊት እንደነበር ልስኑን የለሰነው ግንበኛ ራሱ መሰከረ። እዚህ ላይ ነው ዝምታ ወደ መደበቅ የሚለወጠው።

ኪታብ ቤት የሽያጭን ምዕራፍ የቀራ ሰው ሁሉ ስለ ዐይብ፣ ማለት ስለ ዕቃ ጉድለት የሚናገረውን ክፍል ያውቀዋል። ጉድለቱን እያወቁ ሳይናገሩ መሸጥ ክልክል ነው። ጉድለቱ ከርክክቡ በፊት የነበረ ከሆነና ገዢው ሳያውቀው ከገዛ የመመለስ መብት አለው፤ አውቆ ከገዛ መብቱ የለም። አንድ ነገር ዐይብ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ደግሞ የሚያመለክተው የሙያው ሰው ነው። በኦቶማን መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 የተጠናቀረው መጀላ የተባለው የሕግ መድብል ዐይብን ሲተረጉም፣ ነጋዴዎችና ዐዋቂዎች ዋጋ ይቀንሳል የሚሉት ነገር ነው ይላል። ስለዚህ ከሽማግሌ ፊት የቀረበ የቤት ክርክር ግንበኛና አናጺ ሳይጠራበት ቢዳኝ ጎደሎ ነው።

የማሊኪ መዝሀብ ሊቃውንት ደግሞ ስለ ቤት ለብቻው የተናገሩት አለ፤ ለእኛ ሁኔታ በጣም የሚስማማ ሆኖ አግኝተነዋል። ቤትን እንደ በግ ወይም እንደ ጋቢ አላዩትም። በሌላ ዕቃ ላይ የተገኘ ጉድለት ዕቃውን ሊያስመልስ ይችላል፤ ቤት ግን ብዙ ክፍል ያለው ነገር ስለሆነ ጉድለቱን ሦስት ቦታ ከፈሉት። ከቁም ነገር የማይገባ ተራ ጉድለት ምንም አያስከትልም። ዋጋ የሚቀንስ ግን ቤቱን የማያሰጋ ጉድለት፣ ለምሳሌ ያን አንዱን ግድግዳ ብቻ የሚጎዳ ስንጥቅ፣ ሻጩ የዋጋ ልዩነቱን እንዲመልስ ያደርጋል፤ ሽያጩ ግን ይጸናል። ቤቱን በሙሉ የሚያሰጋ ስንጥቅ ከሆነ ገዢው ቤቱን መልሶ ገንዘቡን ይቀበላል። ይህ አከፋፈል ከመቶ ዓመታት በፊት የተጻፈ ቢሆንም ዛሬ አንድ መሐንዲስ ስንጥቅ አይቶ ከሚያስበው ብዙም የራቀ አይደለም።

ይህን በተግባር ይሠራ የነበረ አንድ ሰው እናስታውስ። ኢብኑ አር-ራሚ ይባላል፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በቱኒስ ከተማ የኖረ ግንበኛ ነው። ሙያው ድንጋይ መካብ ነው፤ ነገር ግን የከተማው ቃዲ የቤት ክርክር ሲመጣበት እርሱን ይልከው ነበር። ሄዶ ያዘመመውን ግድግዳ፣ የሚያንጠባጥበውን ቦይ፣ ጎረቤትን የሚያስቸግረውን መጸዳጃ ያያል፤ ያየውን ለቃዲው ይናገራል። በመጨረሻም ያየውንና የሰማውን በአንድ መጽሐፍ ሰበሰበው፤ ከክፍሎቹ አንዱ ስለ ቤቶች ጉድለት ነው። ዛሬ በሠለጠኑት አገሮች ቤት የሚገዛ ሰው መርማሪ ቀጥሮ ሪፖርት ሳይቀበል አይፈርምም ሲባል አዲስ ነገር የሚመስለው ካለ፣ ሥራው ከሰባት መቶ ዓመት በፊትም ባለቤት ነበረው።

የአገራችን ሕግስ? በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ገዢም ዕቃውን የመመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። «ለጉድለቱ ተጠያቂ አይደለሁም» የሚል ቃል በውል ቢገባ እንኳ ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ከደበቀ አይረባውም። ስለ ተቋራጭም አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ቤት የሠራ ተቋራጭ ካስረከበበት ቀን አንሥቶ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥራትና ለቤቱ ጥንካሬ ኃላፊ ነው፤ ይህን ዘመን የሚያሳጥር ውልም ዋጋ የለውም። አዲስ ቤት የሚገዛ ሰው ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደተረከበ፣ የሥራ ውሉ የት እንዳለ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ውሉ በጽሑፍ ሆኖ፣ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ሲመዘገብ ነው፤ የሕጉ ቁጥር 1723 ስለማይንቀሳቀስ ንብረት የሚለው ይህንኑ ነው። በእኛ ከተማ አሁንም በሦስት ምስክር በደብተር ወረቀት ላይ ተጽፎ ቤት ይሸጣል። ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳና ዕገዳ እንዳለበት ከማዘጋጃ ቤት ሳይጣራ፣ የሻጩ የትዳር ጓደኛ ሳትፈርም የሚከፈል ቀብድ፣ ግድግዳውና ጣሪያው እንከን ባይኖረው እንኳ፣ ገና ያልተጀመረ ክርክር ነው።

ወደ ቤቱ እንመለስ። በከተማችን «አይቼ ገዛሁ» የሚል ሰው ያየው ቀለሙን ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ይሆናል። ቀብድ ከመክፈሉ በፊት አንድ ግንበኛና አንድ አናጺ የቀን ሒሳብ ከፍሎ ግማሽ ቀን ቢያስመረምር የሚያወጣው ገንዘብ ለደላላው ከሚከፍለው ጋር አይወዳደርም። ግንበኛው ግን በደላላው የመጣ አይሁን። የሻጭም ዘመድ አይሁን። ከተቻለ ቤቱን ከዚህ በፊት ያልነካ ይሁን።

መርማሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ውሃ ነው። ውሃው ከየት ይመጣል፣ በየት ይሄዳል? እንፍራንዝ ከተራራው ወደ ጣና በሚወርደው ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ናት። ከላይ ያሉት ቤቶች መሬታቸው ድንጋያማ ስለሆነ መሠረታቸው አይሠጋም፤ ነገር ግን ከኋላቸው ያለው ዳገት ጎርፉን በቀጥታ ወደ ጀርባ ግድግዳቸው ይልክባቸዋል። ከቤቱ በስተኋላ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ካልተቆፈረ ግድግዳው ክረምቱን በሙሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይከርማል። ወደ ታች፣ ወደ ሜዳው ሲወረድ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ ዋልካ አፈር። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በላዩ ያለውን ቤት በክረምት ወደ ላይ ይገፋዋል፣ በበጋ ይለቀዋል። ዋልካው ተቆፍሮ ሳይወጣ ወይም መሠረቱ ጠንካራ መሬት ሳያገኝ የተሠራ የብሎኬት ቤት ከመስኮቱና ከበሩ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ያሳያል። እንዲህ ያለውን ስንጥቅ ልስን ላይ ካለ እንደ ጸጉር ከቀጠነ መስመር መለየት ያስፈልጋል። ልስን ሲደርቅ የሚፈጥረው ቀጭን ስንጥቅ ገጽታ ያበላሻል እንጂ ቤት አይጥልም። ሳንቲም በቁሙ የሚያስገባ፣ ከውስጥም ከውጭም የሚታይ፣ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ግን መሠረቱ እየተናገረ ነው። በቅርቡ በሲሚንቶ ተደፍኖ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ያውቀዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ግድግዳው ነው። ጭቃ ቤት ነውር የለበትም፤ አብዛኞቻችን የተወለድንበት ነው፤ ክረምት ሙቀት ይይዛል፣ በጋ ይቀዘቅዛል። በደንብ የተመረገና ራስጌው በሰፊ ክፈፍ፣ እግሩ በድንጋይ የተጠበቀ ጭቃ ቤት ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ችግሩ ጭቃን በሲሚንቶ ሸፍኖ ብሎኬት ማስመሰል ነው። ሁለቱ አይዋደዱም። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶ ይተነፍሰዋል፤ ሲሚንቶ ግን ይደፍነዋል። ገበያ የሚፈልገውን መልክ ለማምጣት የዶሮ ሽቦ በሚስማር ተመትቶ ሲሚንቶ ይለሰንበታል። በጥቂት ክረምት ውስጥ እርጥበቱ በልስኑና በጭቃው መካከል ይታጎራል፤ ከዚያ ልስኑ እንደ ቂጣ ተላቆ ይወድቃል። ገዢው በጣቱ አንጓ ግድግዳውን ያንኳኳ፤ ባዶ ቆርቆሮ የሚመስል ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ተላቋል። የመስኮቱን ጥልቀት ይመልከት፣ ከቆጣሪው ሳጥን ጀርባ ይይ፣ ከማድ ቤቱ ጥግ ያልተለሰነውን ይፈልግ። ቤቱ ከምን እንደተሠራ እዚያ ጋ ይታወቃል።

ምስጥ የሚገባው ከታች ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ በቀጥታ አፈር ውስጥ ከተተከለ ምስጥ ሳይጠራ ይመጣል። የቀድሞ ሰዎች ወይራና ጽድ የሚመርጡት በከንቱ አልነበረም፤ ምስጥ በቀላሉ አይደፍራቸውም። ዛሬ ባሕር ዛፍ ነው ያለን፤ የቋሚውን እግር በእሳት መለብለብ ወይም የተቃጠለ ዘይት መቀባት ትንሽ ዕድሜ ይጨምርለታል፣ ከድንጋይ ወይም ከኮንክሪት ላይ ማቆም ግን ብዙ ይጨምርለታል። መርማሪው ከግድግዳው ሥር እንደ ጣት የወፈረ የአፈር ጅማት ወደ ላይ ሲወጣ ካየ ምስጡ መንገድ ሠርቷል። ከቁም ሣጥን ጀርባ፣ ከአልጋ ራስጌ፣ ከእህል ጎታ ሥር ያለው ቦታ ይነሣና ይታይ። ሻጭ «ዕቃው ከባድ ነው፣ አናንቀሳቅሰው» ካለ በደንብ አንቀሳቅሱት።

ጣሪያ ላይ የምንለው አጭር ነው። የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ውፍረቱ ይቀንሳል፤ 35 ጌጅ ከ28 ጌጅ የሳሳ ነው። «ባለ 35 ነው» ሲባል ብዙ የመሰለው ሰው አጋጥሞናል። ሚስማሩ ከቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ ከሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ መመታት የለበትም፤ ከራሱ ሥርም ጎማ ይኑረው። ኮርኒሱ አዲስ ከሆነ ለምን አዲስ ሆነ ብሎ መጠየቅ ነው። አንዱን ጥግ አስከፍቶ በባትሪ ብርሃን ወራጁንና ማገሩን ማየት ያስፈልጋል፤ የውሃ ምልክት እንጨት ላይ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ቀለም አይደርስበትም። የፊት ገጽታ ለማሳመር ቆርቆሮውን በግንብ ደብቆ አሸንዳውን ከግንቡ ውስጥ ማስገባት አሁን ፋሽን ሆኗል፤ ቅጠል ሲሞላበት ውሃው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ሳሎን ይመለሳል።

የመጸዳጃ ጉድጓዱም ይታይ። ከቤቱ መሠረት ጋር የተጠጋ፣ ያልተካበ፣ የሞላ ጉድጓድ በክረምት ይደረመሳል፤ ግድግዳውንም ይዞ ይሄዳል። የኤሌክትሪክ መስመሩንም ያስፈትሹ፤ ቆጣሪው የዚሁ ቤት ነው ወይስ ከጎረቤት የተዘረጋ? ምጣድ ሲሰካ የሚሞቅ ማከፋፈያ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ የሽቦ መገናኛ፣ ከጭድና ከኮርኒስ በላይ የሚያልፍ ራቁት ገመድ ቤትን ከነቤተሰቡ ያጠፋል።

አሁን አንድ ነገር ልናሰምርበት እንወዳለን። ቤት ሲገዛ ሴት አትጠየቅም፤ ወንዶች በር ላይ ቆመው ይዋዋላሉ። ቤቱን ግን በየሳምንቱ የምትለቀልቀው፣ ግድግዳውን በእጇ የምትዳስሰው፣ ሌሊት ውሃ ሲያንጠባጥብ ድስት የምትደቅነው እርሷ ናት። ወለሉ የት እንደሚሰምጥ፣ የትኛው ጥግ ሻጋታ እንደሚያበቅል፣ በየትኛው ወር የትኛው በር አልዘጋ እንደሚል ከማንም ይልቅ ታውቃለች። ስለዚህ ገዢው እናቱን ወይም ባለቤቱን ይዞ ይሂድ፤ እርሷም ከሻጩ ባለቤት ጋር ቡና እየጠጡ ይጫወቱ። ጎረቤትም ይጠየቅ። ሻጩ ያልተናገረውን ከግቢው አጥር ማዶ ያሉት እትዬ ያውቁታል። ባዕድ አገር ሆና ለምትገዛ ልጃችን ደግሞ ምክራችን ይህ ነው። የቪዲዮው ፎቶ ሳሎኑን አያሳይሽ፤ የቤቱን ጀርባ፣ የግድግዳውን እግር፣ ከኮርኒስ በላይ ያለውን፣ የጉድጓዱን ክዳን ያሳይሽ። የሚቻል ከሆነም ገንዘቡ በሁለት ይከፈል፤ ጥቂቱ ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ እንዲከፈል በውሉ ይጻፍ። እንዲህ ያለውን ቃል በደስታ የሚፈርም ሻጭ ቤቱን ያምነዋል።

በጎንደርና በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ለሚገዙ አንባቢዎችም አንድ ቃል እንጨምር። እዚያ ጉድለቱ ከራስ በር ውጭ ነው ያለው። ጣሪያው፣ ደረጃው፣ የፍሳሽ ቱቦው የጋራ ነው፤ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ባለቤቶቹ ማኅበር ሆነው ይህን እንዲጠብቁ ያዛል። ቤቱን ከማየት በፊት ማኅበሩ ይሰበሰብ እንደሆነ፣ ለእድሳት የሚዋጣ ገንዘብ ይኖር እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ከላይ ያለው ጎረቤት የመታጠቢያ ቤት ወለል ሲያፈስ የእርስዎ ኮርኒስ ይበሰብሳልና።

ከገዙ በኋላ ያለው ነገር ማደስ ነው። ለዚህ ከእኛ በላይ ምሳሌ ያለው ሕዝብ ጥቂት ነው፤ ከከተማችን ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ ጉዛራ ቆሟል። በዓፄ ሠርፀ ድንግል፣ እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 በነገሡት ንጉሥ እንደተሠራ የሚነገርለት ይህ ቤተ መንግሥት በድንጋይና በኖራ የተገነባ ነው። ከጎንደር ግንቦች በፊት የነበረ ነው፤ ዓፄ ፋሲል ጎንደርን ዋና ከተማ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው። ጉዛራን ማን አፈረሰው ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ የምንመልሰው ውሃ ነው ብለን ነው። ጣሪያ ያጣ ግንብ በየክረምቱ ከአናቱ ውሃ ይጠጣል፤ ኖራው ይታጠባል፣ ከስንጥቁ ውስጥ የበቀለው ቁጥቋጦ ሥሩን እየሰደደ ድንጋዩን ይፈነቅላል።

ፋሲል ግቢም የሚያስተምረን አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ግቢ በጣልያን ወረራ ዘመን ሲጠገን ሲሚንቶ ገብቶበት ነበር። ኖራ ይተነፍሳል፣ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን ድንጋዩ ውስጥ ያስቀረዋል፤ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራ ተመልሰዋል። ነገሥታቱ ግንብ ላይ ያልሠራው ሲሚንቶ የእኛ ጭቃ ግድግዳ ላይ እንዴት ይሠራል? ቤት በተሠራበት ነገር መታደስ አለበት። ጭቃ በጭቃ፣ ኖራ በኖራ።

ጭቃን በጭቃ በማደስ ስሙ የታወቀ ደግሞ በማሊ የሚገኘው የጀኔ ታላቁ መስጊድ ነው። የአሁኑ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1907 የተሠራ ሲሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጭቃ ነው። በየዓመቱ ዝናቡ ከመድረሱ በፊት የከተማው ሕዝብ ይወጣና በአንድ ቀን ይመርገዋል፤ ወጣቶቹ ጭቃ በቅርጫት ተሸክመው ይሮጣሉ፣ ሴቶቹ ውሃ ያመላልሳሉ፣ የግንበኞቹ ማኅበር ሽማግሌዎች ሥራውን ይመራሉ። ከግድግዳው ወጥተው የሚታዩት ግንዶች ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ ለዚያ ቀን መወጣጫ እንዲሆኑ የተተከሉ ናቸው። ቤቱን የሠሩት ሰዎች እድሳቱን ከመጀመሪያው ቀን አስበውበታል ማለት ነው። በአገራችንም ሐረሪዎች ከረመዳን በፊት ቤታቸውን የመቀባት ልማዳቸውን እስከ ዛሬ ይዘውታል።

በእኛ አገር ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ቤት ላይ ሲመጣ ግን እንረሳዋለን። አንድ የተነቀለ ሚስማር በየካቲት ይመታል ቢባል የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ካልተመታ በሰኔ ነፋስ ቆርቆሮውን ያነሣዋል፣ በሐምሌ ውሃው ወራጁ ላይ ይወርዳል፣ በሚቀጥለው ዓመት ወራጁ ይጎብጣል፣ ከዚያም ጣሪያው በሙሉ ይወርዳል። በየዓመቱ በበጋ አንድ ቀን ለቤት መመደብ በቂ ነው። አሸንዳው ይጠረግ፤ የጎርፍ ቦዩ ደለሉ ይውጣ፤ የረገፈው ምርጊት በጭድ በተቦካ ጭቃ ይመረግ፤ የግድግዳው እግር ላይ የተቆለለ አፈርና ፍግ ይነሣ፤ የምስጥ መንገድ ካለ ይፍረስና ሥሩ ይፈለግ። ጭቃው ሦስትና አራት ቀን ቢቦካ ይጠነክራል፤ ትኩሱን መምረግ ስንጥቅ ያመጣል። ይህን እናቶቻችን ያውቁታል፤ ከተማ ያደጉት ልጆች ናቸው የማያውቁት።

ሁሉም ሰው አቅም የለውም። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ የተሰደዱባት ሴት መሰላል ላይ አትወጣም። በገጠሩ አሁንም ደቦ አለ፤ ቤት ለመምረግ ይጠራራሉ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይባል ይወጣሉ። በከተማው ግን ቀርቷል። ሰዉ በረመዳን ለኢፍጧር የሚሰጠው እጅ ሰፊ ነው፤ ተምርና ሾርባ ይዞ የሚሄደው ወጣት ከዚያው ቤት ሲወጣ ጣሪያውን ቀና ብሎ ቢያይ፣ ሁለት ቆርቆሮና ግማሽ ኪሎ ሚስማር የሚበቃው ቤት ስንት እንደሆነ ይቆጥራል።

ያ የልጅቱ ጉዳይ እንዴት አለቀ የሚል አይጠፋም። ሁለት ግንበኞችና አንድ አናጺ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄደው ቤቱን አዩት። መሠረቱ ደህና ነው፤ ሦስቱ ግድግዳ ደህና ነው፤ የመኝታ ቤቱ ግድግዳና የጣሪያው አንድ ወገን ተበላሽቷል። ቤቱን በሙሉ የሚያሰጋ ስላልሆነ ሽያጩ ይጽና፣ ሻጩ ግን የግድግዳውንና የጣሪያውን ወጪ ይመልስ ተባለ። በመጀመሪያ አሻፈረኝ አለ፤ ልስኑን የለሰነለት ሰው ፊቱ ቆሞ ሲናገር ዝም አለ፣ በሁለት ጊዜ ከፈለ። ቋሚው በድንጋይ ላይ ቆመ፣ ግድግዳው በጭቃ ተመረገና በኖራ ተቀባ፤ ሲሚንቶው ከቀሩት ግድግዳዎችም ላይ በየተራ እየተነሣ ነው። ከቤቱ ጀርባ የተቆፈረው ቦይ ያለፈውን ክረምት አሳልፏል። ዘንድሮ እናትየው ከረመዳን በፊት ደለሉን ለማስወጣት ሁለት ልጆች ቀጥረው ነበር።